ሰርቪስ፣ ቅጥያ ወይስ ፎቅ፦ በሐዋሳ ግቢ ውስጥ ለመሥራት ፈቃዱን እያነጻጸሩ መምረጥ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ቤተሰብ ቦታ ሲጠበው ከፊቱ አራት መንገድ አለ፤ ያለውን ቤት ማደስ፣ ከቤቱ ጋር አያይዞ ክፍል መቀጠል፣ ጓሮ ላይ ሰርቪስ መሥራት፣ አለዚያም ወደ ላይ ፎቅ ማውጣት። አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው የብሎኬትና የፌሮ ዋጋ በመጠየቅ ነው። ይህ ሥራውን ከጭራው መያዝ ነው። ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል፤ ካርታው ላይ የተሰመረው ወሰን፣ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈርና ቤቱ የሚውልበት አገልግሎት ግን ባሉበት ናቸው፤ የሕንፃ ሹሙም ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው እነሱን አይቶ ነው። ስለዚህ አራቱን መንገዶች የምናነጻጽረው «እያንዳንዱ ምን ይነካል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ትንሽ የሚመስል ሥራ በፈቃድ በኩል ቀላል ላይሆን ይችላል፤ ወሰን ሥር የተቆፈረ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከሙሉ ሰርቪስ የበለጠ ጣጣ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካርታውን ከግቢው ጋር ማስታረቅ

ካርታዎን፣ የ30 ሜትር ሜትሮና አንድ ጥቅል ሲባጎ ይያዙና ወደ ግቢ ይውጡ። የወሰን ድንጋዮቹን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አፈር ለብሰው ወይም አትክልት በቅሎባቸው ነው የሚገኙት። ከድንጋይ ድንጋይ ሲባጎ ወጥረው አራቱን ጎን ይለኩ፤ ቀጥሎ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ። ካርታው 10 በ20 ሜትር የሚል ከሆነና ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ሰያፍ 22 ሜትር ከ36 ሳንቲ ግድም መምጣት አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ ወይ ድንጋይ ተነቅሏል፣ ወይ ግቢው ከመጀመሪያውም ጠማማ ነበር።

አጥርን ወሰን ነው ብሎ ማመን በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አጥሩ ከካርታው መስመር 40 ሳንቲ ወደ ጎረቤት ገብቶ ከሆነ፣ በ20 ሜትር ርዝመት 8 ካሬ ሜትር የሰው መሬት ይዟል ማለት ነው። ሰርቪስዎን ያንን አጥር ተደግፈው ከሠሩ፣ ቀያሹ መጥቶ ሲለካ የሚፈርሰው አጥሩ ብቻ አይሆንም። ልዩነት ካገኙ ከግንባታው በፊት የወሰን ልኬት እንዲደረግልዎ ያመልክቱ፤ ጎረቤትም በዕለቱ ይገኝ። ሲሚንቶ ሳይፈስ የሚደረግ ንግግር በቡና ያልቃል።

ወረቀቱም እንደ መሬቱ ይታይ። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ውጭ የተያዘ) ከሆነ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኙ እስከ ዘንድሮ የተከፈለ መሆኑን ያረጋግጡ። ሊዝ ከሆነ ውሉን አውጥተው ሦስት ነገር ይፈልጉ፤ አገልግሎቱ ምን ተብሎ ተጽፏል፣ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜው መቼ ነው፣ ስለ ሕንፃው ከፍታ የተባለ ነገር አለ ወይ። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል፤ ዘመኑ የተሰጠው ግን በውሉ ለተጻፈው አገልግሎት ነው። ካርታው ባንክ በመያዣ ከያዘው የባንኩ የስምምነት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ፤ የውርስ ከሆነ ስሙ መዞር አለበት። የቀበሌ ቤት ተከራይ በራሱ ስም የግንባታ ፈቃድ አያወጣም፤ ይህን ዘሎ ሰርቪስ የጨመረ ሰው ገንዘቡን የቀበረው በሰው ቤት ነው።

ሕጉ ሕንፃዎችን የሚለይበት መስመር

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ምድብ «ሀ» ከመሬት ወለል በላይ ፎቅ የሌለው፣ በሁለት ተሸካሚ ውቅሮች (ክብደት በሚሸከሙ ኮለኖች ወይም ግድግዳዎች) መካከል ያለው ርቀትም ከ7 ሜትር የማይበልጥ ነው። ርቀቱ ከ7 ሜትር ካለፈ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ካለው ወደ ምድብ «ለ» ይገባል። ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያ፣ የተቋም፣ የፋብሪካና የወርክሾፕ ሕንፃ ምድብ «ሐ» ነው። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ንድፍና ስሌት ይበዛል፤ የሚፈርመው ባለሙያ ደረጃም ከፍ ይላል።

ለግቢ ሥራ ይህ ማለት ቀላል ነው። ተራ ሰርቪስና ቅጥያ «ሀ» ውስጥ ይወድቃሉ፤ ፎቅ «ለ» ነው። ሰው የማያስተውለው በመሀል ያለውን ነው፤ ሳሎንን ከቅጥያው ጋር ለመቀላቀል መካከለኛውን ግድግዳ አንስቶ የ7 ሜትር ከ50 ክፍት ቦታ የፈጠረ ሰው፣ ፎቅ ሳይሠራ ወደ «ለ» ተሻግሯል። ግቢ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚያቆምም ምድብ «ሐ»ን ነክቷል፤ የቆርቆሮ ዳስ መሆኑ አያድነውም።

ሌላው መለያ አገልግሎት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አንድ ክፍል የሚፈልግ ተከራይ በዝቷል፤ በየሰፈሩ የተደረደሩ ሰርቪሶችን ያመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለመኖሪያ ማከራየት አሁንም መኖሪያ ነው። አጥሩን ከፍቶ መንገድ ዳር ሱቅ ማድረግ ግን የአገልግሎት ለውጥ ነው፤ ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ማደስ

ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ በነበረው ክፍት ላይ በርና መስኮት መለወጥ የቤቱን ስፋት፣ ቁመት፣ ተሸካሚ አካልና አገልግሎት አይነኩም፤ ከአራቱ መንገዶች ቀላሉ ይህ ነው። ቆርቆሮ መለወጥም በዚያው ቁመትና በዚያው ተዳፋት ከሆነ የእድሳት ፈቃድ ጉዳይ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ጨምሮ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ግን እድሳት መሆኑ ያበቃል፤ ማሻሻያ ነው፤ ንድፍ ይፈልጋል።

ትልቁ ወጥመድ የጭቃ ቤት ነው። የእድሳት ፈቃድ ተይዞ ግድግዳው በየተራ እየፈረሰ በብሎኬት ሲተካ፣ ወረቀቱ እድሳት ይላል፤ መሬት ላይ ያለው አዲስ ቤት ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚያየው አዲስ የተቆፈረ መሠረት ስለሆነ ሥራው ይቆማል፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ግማሹ ጭቃ ግማሹ ብሎኬት የሆነው ቤት ዝናብ ይጠግባል። ግድግዳውን ሊለውጡ ካሰቡ ከጅምሩ የማፍረስና የአዲስ ግንባታ ፈቃድ አብረው ይጠይቁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ቤቱ በፈቃድ ቢሮው ባለ ፋይል ሆኖ ይወጣል።

ግድግዳ ከማፍረስዎ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ባትሪ ይዘው ይመልከቱ። የጣሪያው እንጨት ያረፈው በዚያ ግድግዳ ላይ ከሆነ ተሸካሚ ነው፤ መሐንዲስ ሳያየው አይነካም።

ሰርቪስ

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራበትም እዚሁ ነው። ለምሳሌ ውጪ ለውጪ 8 በ3 ሜትር ከ50፣ ማለትም 28 ካሬ ሜትር፣ ሁለት ክፍልና መጸዳጃ ያለው ሰርቪስ እንውሰድ። ዙሪያው 23 ሜትር ነው፤ ሁለቱ መካከለኛ ግድግዳዎች ሲጨመሩ 29 ሜትር ግድም። ቁመቱን 2 ሜትር ከ80 አድርገን በርና መስኮቱን ብንቀንስ 73 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይቀራል። በ40 በ20 ፊት ያለው ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል፤ ብክነቱን ጨምሮ 13 ቢያዝ ወደ 950 ብሎኬት ነው። ስፋቱ ከ7 ሜትር በብዙ ስለሚያንስ ያለ ጥርጥር ምድብ «ሀ» ነው። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጥያቄው የሚመጣው የት ላይ ይቁም ሲባል ነው። ወሰን ላይ ማስጠጋት ቦታ ይቆጥባል፤ 2 ሜትር ራቅ ማድረግ በ8 ሜትር ርዝመት 16 ካሬ ሜትር ይበላል፤ በ200 ካሬ ግቢ ይህ ቀላል አይደለም። ግን ወሰን ላይ የሚቆም ግድግዳ ደረቅ መሆን አለበት፤ በጎረቤት በኩል መስኮትም ሆነ የመጸዳጃ ማናፈሻ አይከፈትበትም። መስኮት ከፈለጉ ሁለቱን ሜትር ይልቀቁ።

የተደበቀው ጉዳይ ከመሬት በታች ነው። 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ግድግዳ 60 ሳንቲ ስፋት ባለው የድንጋይ መሠረት መሀል ላይ ሲያርፍ፣ መሠረቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ይወጣል። ግድግዳውን ልክ ወሰኑ ላይ ካቆሙት መሠረቱ 20 ሳንቲ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። ጎረቤት ነገ ለራሱ መሠረት ሲቆፍር ዶማው የእርስዎን ድንጋይ ይመታል፤ ክሱም ከዚያ ይጀምራል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ግድግዳውን 20 ሳንቲ ወደ ውስጥ መሳብ፣ በ8 ሜትር 1.6 ካሬ ሜትር ብቻ ነው የሚያጡት፤ ወይም መሐንዲሱ መሠረቱን ወደ አንድ ወገን ያደላ አድርጎ እንዲነድፈው። የመጀመሪያው ይሻላል። ለአንድ ምንጣፍ የማትበቃ ቦታ ለማትረፍ ብሎ መካሰስ አያዋጣም።

ጣሪያው ወደ ግቢዎ ይዘንብል። 35 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የዘነበ እንደሆነ 1,750 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ስምንት በርሜል ከግማሽ ያህል ማለት ነው። ይህ ውሃ ጎረቤት ግድግዳ ሥር ከወረደ ፈቃድ ኖሮዎትም ተከሳሽ ነዎት። አሸንዳው ከወሰን መስመር እንዳያልፍ በንድፉ ላይ ይሣል፤ ውሃው በግቢዎ አልፎ ወደ መንገድ ቦይ የሚሄድበትም መንገድ ይታይ።

መጸዳጃው ሐዋሳ ላይ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መውጫ የሌለው ሐይቅ ጠርዝ ላይ ናት፤ ወደ መሬት የገባ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚሄድበት የለም። ወደ ሐይቅ ዳር በቀረቡ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ወደ ታቦርና ወደ አላሙራ ተራራ ግርጌ ደግሞ ድንጋይና ተዳፋት ይገጥማል። ስለዚህ የሰፈር ልምድ ተከትሎ መወሰን አይቻልም። በመስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ባሰቡት ቦታ ላይ 3 ሜትር ያህል የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩና አንድ ሌሊት አሳድረው ይዩት። ጠዋት ግርጌው ላይ ውሃ አቁሮ ካገኙት፣ የሚሰርግ ጉድጓድ አይሆንም። የጉድጓድ ግርጌ ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር መራቅ አለበት። በየካቲት የተቆፈረ የሙከራ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ያታልላል።

ውሃ ቅርብ በሆነበት ያለው ምርጫ በሲሚንቶ የታሸገ፣ በመኪና የሚመጠጥ ሴፕቲክ ታንክ ነው። እያንዳንዱ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢለቅ፣ ቆሻሻው ለማረፍ ሁለት ቀን ቢቆይ፣ ለ10 ሰው 1,600 ሊትር ነው፤ የሦስት ዓመት ዝቃጭ ሲታከል ወደ 3 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህ ልክ የተረፈው ውሃ ወጥቶ የሚሰርግበት ቦታ ሲኖር ነው። ሙሉ በሙሉ ከታሸገ ውሃው ሁሉ እዚያው ስለሚቀር ታንኩ በሳምንት ውስጥ ይሞላል፤ ስለዚህ ወይ ታንኩ በብዙ ይተልቃል፣ ወይ የመታጠቢያው ውሃ ለብቻ ይለያል፣ ወይ የተከራዩ ቁጥር ይቀንሳል። ሦስቱንም የማይችል ግቢ ሰርቪስ ሳይሆን እድሳት ይምረጥ። የመጣጭ መኪናው ቱቦ ከበር እስከ ታንኩ መድረሱንም አስቀድመው ይለኩ።

መብራት በአጭሩ፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ከዋናው ቤት በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ተስቦ ሁለት ምጣድ የሚሰካበት ሰርቪስ እሳት እየጠራ ነው። ለምጣዱ ብቻ የሆነ መስመር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው።

ቅጥያ

ግቢው ጠባብ ከሆነ ከሰርቪስ ይልቅ ቅጥያ ያዋጣል፤ አንድ ግድግዳ ከቤቱ ጋር ይጋራል፤ ውሃና ፍሳሹም ቅርብ ነው። በፈቃድ በኩል ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ዋናው ቤት በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት። ቤቱ ያለ ፕላን የተሠራ ከሆነ ባለሙያ ያለውን ቤት ለክቶ ይሥለውና መጀመሪያ እሱ ሕጋዊ ይሁን። ሌላ ቦታ የቆመ ሰርቪስ ቢያንስ ራሱን ችሎ ይገመገማል፤ ቅጥያ ግን የአሮጌውን ቤት ጉድለት ሁሉ ይወርሳል።

በሥራው ላይ የሚበላሸው መጋጠሚያው ነው። አሮጌው መሠረት ከዓመታት በፊት ሰክኗል፤ አዲሱ ገና ይሰክናል። ሁለቱ በልስን ብቻ ከተያያዙ በሁለተኛው ክረምት ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል። ወይ 2 ሳንቲ ያህል ክፍተት ትቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ መዝጋት፣ ወይ መሐንዲሱ በሚሰጠው ዝርዝር በፌሮ ማሰር ነው፤ መሀል ቤት የሚባል ነገር የለም። ንድፉ ላይም የቅጥያው ግድግዳ የየትኛውን ክፍል መስኮት እንደሚዘጋ ይዩ፤ መኝታ ቤትን ያለ መስኮት የሚያስቀር ንድፍ ተመላሽ ይሆናል፤ ቢያልፍም ሰው አይተኛበትም።

ፎቅ

ወደ ላይ መውጣት ግቢውን ያተርፋል፤ ከወሰን ጋርም ብዙ አያጋጭም። የሚነካው መሠረቱን ነው። 15 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይመዝናል፤ 60 ካሬ ሜትር ቤት ላይ ሶሌታው ብቻ 225 ኩንታል ነው፤ ግድግዳውም ሰውም ገና አልወጣም። ቆርቆሮ ሊሸከም የተሠራ ኮለን ይህን በምን ይችለዋል? ሐዋሳ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሆኗ ደግሞ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል።

ከጣሪያ በላይ የቆመ ፌሮ ማየት «ለፎቅ የተዘጋጀ» ለማለት አይበቃም። ሦስት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ የድሮው የስትራክቸር ንድፍ ማኅተም ካለው በእጅ ይኑር። ሁለተኛ፣ በአንድ ማዕዘን መሠረቱን አስቆፍረው የፉቲንጉን (ኮለኑ የሚያርፍበትን የኮንክሪት መሠረት) ስፋትና ጥልቀት ከንድፉ ጋር ያስተያዩ። ሦስተኛ፣ የቆመው ፌሮ ባለ14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአዲሱ ጋር ለመደራረብ ከ56 እስከ 70 ሳንቲ ንጹሕ ርዝመት ይፈልጋል፤ በዝናብ ዝጎ ቅርፊቱ የሚረግፍ፣ አንገቱም የቀጠነ ከሆነ አይቆጠርም። ንድፉ ከሌለና ፉቲንጉ ጠባብ ከሆነ፣ ፎቁን አሮጌው ቤት ላይ ማውጣት ትተው ጓሮው ላይ ራሱን የቻለ ባለ አንድ ፎቅ ሰርቪስ ማሰብ ይሻላል፤ ሁለቱም ምድብ «ለ» ናቸው፤ የሁለተኛው መሠረት ግን የሚታወቅ ነው።

ደረጃውን አይርሱ። 3 ሜትር ለመውጣት 18 እርከን ያስፈልጋል፤ መሀል ላይ የሚታጠፍ ደረጃ ከማረፊያው ጋር ከታችም ከላይም 7 ካሬ ሜትር ያህል ይወስዳል። ውጪ ከተደረገም የወሰን ርቀትና የጎረቤት ግቢ ዕይታ ጥያቄ ይመጣል።

አጥር

20 ሜትር ርዝመት 2 ሜትር ቁመት ያለው የብሎኬት አጥር 520 ብሎኬት ይበላል፤ በየ3 ሜትሩ ኮለን ካልገባበት ነፋስና የጎርፍ አፈር ይጥሉታል። የመሠረት ስፋቱ ጉዳይ እንደ ሰርቪሱ ነው። የጋራ አጥር ከሆነ ከጎረቤት ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ በመንገድ በኩል ያለው የመንገዱ ስፋት ስለሚታይበት ሳያመለክቱ አይጀምሩ።

ቢሮ ሲሄዱ

ቅደም ተከተሉ የፕላን ስምምነት፣ ንድፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ነው። የፕላን ስምምነቱ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ፣ መንገድ ያልፍበት እንደሆነ፣ ወደ ሐይቁ ከሆነም ከዳርቻው ጥበቃ ክልል ውጭ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ለአርክቴክት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይውሰዱት። ክፍለ ከተማው የሚጠይቀውን ዝርዝር በወቅቱ ባለው ቅጽ ተቀብለው በዚያው ያሟሉ፤ በአብዛኛው የካርታ ኮፒ፣ መታወቂያ፣ የግብር ወይም የሊዝ ደረሰኝና በተመዘገበ ባለሙያ የተፈረመ ንድፍ ነው። ከሌላ ግቢ የተገለበጠ ንድፍ አይግዙ፤ የቦታ ንድፉ ከካርታዎ ጋር ስለማይገጥም በመጀመሪያው ዕይታ ይታወቃል።

ፈቃዱ ሲወጣ ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ያሳውቁ፤ የጸደቀው ንድፍ ኮፒም ከሥራው ቦታ አይጥፋ። የመሠረቱ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ሳይፈስ ተቆጣጣሪ ይይልዎ፤ ከፈሰሰ በኋላ የሚያሳዩት የለዎትም። እያንዳንዱን ደረጃ ሜትሮ አስደግፈው በስልክ ፎቶ ያንሱ። ማመልከቻዎ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አዋጁ የይግባኝ ቦርድ አለው፤ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው። መሀል ላይ ሐሳብዎ ከተለወጠ፣ አንድ መስኮት ማዛወርም ቢሆን፣ የተሻሻለ ንድፍ አስገብተው ያስጸድቁ።

ሥራው ሲያልቅ አዲሱ ክፍል ፋይልዎ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። ቤቱን ሲሸጡ ስም የሚዛወረው፣ ባንክ ሲገምት የሚቆጥረው፣ መንገድ ሲወጣ ካሳ የሚሰላለት ፋይሉ ውስጥ ያለው ነው፤ በጨረቃ የተሠራ ክፍል ሦስቱም ቦታ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።